የጤናና ሥዕል ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «እኛ መች ጠጣነው?»

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው አንድ ሥራ ነበር፤ ቢልሃርዝያ የተባለው የትል በሽታ ጣና ዳር እንዴት እንደሚይዝ ፊደል ላልቆጠረ ሰው በሥዕል ማሳየት። ቀላል መስሎን ነበር።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያውን ፖስተር ሠራን፤ ኩባያ ውሃ፣ በላዩ ቀይ ኤክስ፣ ከጎኑ ቀንድ አውጣ። አባላቱ ይዘውት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ልብስ ወደሚያጥቡ እናቶች ሄዱ። አንዲት እናት እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ እንደቆሙ አዩትና፣ «ልክ ነው ልጆቼ፣ እኛ መች ጠጣነው? የምንጠጣው የቧንቧ ነው» አሉ። እሳቸው በትክክል አንብበውታል፤ የሳትነው እኛ ነን። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ይዋኝና በቆዳ ሰርስሮ ይገባል እንጂ እስኪጠጡት አይጠብቅም።

ኩባያውን አውጥተን እግር ሣልን፤ ኤክሱ ግን እንዳለ ቀረ። የ1ኛ ክፍል ልጆች ሲያዩት አንዷ፣ «ቲቸር፣ ይሄን ሥዕል ማነው የተሳሳተው?» አለች። ደብተሯ ላይ ኤክስ የሚያርፈው ስትሳሳት ነዋ! ስንት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ይህ ለእኔም አልታየኝም። ኤክሱን ትተን ባዶ እግርና ቦቲ ያጠለቀ እግር ጎን ለጎን አደረግን።

ከፖስተሩ ሌላ የሠራነው ካርታም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ኮሌራ ሲገባ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾችን በየቤታቸው በጥቁር ሰረዝ አመልክቶ፣ ሰረዞቹ በአንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መከማቸታቸውን እንዴት እንዳሳየ ነገርኳቸው። እነሱም የሐይቁን ዳር ካርቶን ላይ ሥለው፣ እያንዳንዱ አባል በሳምንቱ ውሃ የገባበት ቦታ ላይ አንድ ሽምብራ አስቀመጠ። አንድ የመዋኛ ቦታ ላይ ሽምብራው ተቆለለ። ልንቆጥር ከእረፍት ስንመለስ ግን ሽምብራው ቆሎ ኖሮ፣ መረጃው ተበልቷል። በጥሬና በሙጫ ደገምነው።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በቁጥር አለቀ። ለልምምድ ያህል «ከ5 ሰው አንድ» እና «ከ20 ሰው አንድ» ብለን፣ የቱ ይበልጥ ያሰጋል ስንል ብዙዎቹ 20ውን መረጡ፤ ቁጥሩ ትልቅ ነዋ። ስለዚህ ሁለቱንም ከ100 ሰው ላይ ሣልናቸው፤ በአንዱ 20፣ በሌላው 5 ሰው ቀይ ቀባን። ሣዩ ልጅ ግን አዝኖላቸው ይሁን እንጃ፣ 5ቱን ታማሚዎች አግዝፏቸው ከ20ዎቹ በልጠው ቁጭ አሉ። ሁሉንም እኩል አደረግን፤ ተበታትነው ለቆጠራ ያስቸገሩትን ቀዮችም አንድ ጥግ ሰበሰብን።

ግንቦት ላይ ፖስተሩን ይዘን እኚያው እናት ዘንድ ተመለስን። እግሩን አዩ፣ ቀንድ አውጣውን አዩ፣ የራሳቸውን እግር አዩ። «ገባኝ» አሉ። «ታዲያ የት እንጠብ?»

ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ። ለመስከረም ያሳደርነው ሥራ ይኸው ነው።