ድመት ላይ «ሲርባት ትበላለች» አይሰራም

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ ድመታቸው ምግብ መምረጥ ስለጀመረች ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብትሏት ሲርባት ትበላለች ብለው የጻፉትን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም እኔም እንደዛ ብዬ ድመቴን ሚጡን ልገድላት ነበር።

ሚጡ 13 ዓመቷ ነው። አምና ውሃ ጠጥታ አልጠግብ አለች፣ ሽንቷ በዛ፣ ከሳች፣ ደሟ ሲመረመር ክሬቲኒን የሚባለው ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ ከፍ ብሎ ኩላሊት ነው ተባለ። ሐኪሙ ፎስፈረሱ የተቀነሰ ፕሮቲኑም የተመጠነ የኩላሊት ምግብ አዘዘላት፣ እህቴ ከዱባይ በሻንጣ ይዛልኝ መጣች፣ እኔም በዛኑ ቀን የድሮውን አንስቼ አዲሱን ሰጠኋት። አሸተተችውና እንደ ኩሷ በእግሯ ልትቀብረው ሞከረች! እልህ ተጋባን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም።

ለሐኪሙ ስደውል ጮኸብኝ። ድመት መብላት ስታቆም የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሊገድላት ይችላል፣ ከምትራብ የድሮውን ብትበላ ይሻላል አለኝ።

ከዛ እንደ አዲስ ጀመርን። የድሮው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ከአዲሱ፣ በየሦስት አራት ቀኑ ትንሽ እየጨመርኩ፣ አምስት ሳምንት ፈጀብን። ካስመለሳት ምንም አልጨምርም። እርጥቡን የታሸገ ምግብ ከፍሪጅ አውጥቼ ለብ ሳደርገው ሽታው ይወጣል፣ ድመትን እኮ የሚያስበላት ሽታ ነው። መድኃኒቷን ምግቡ ውስጥ መደበቁንም ተውኩት፣ አንዴ ምሬቱን ካገኘችው ምግቡን ራሱ ትጠላዋለች።

እናቴ ደሞ «አንቺ ልጅ፣ ትንሽ የወጥ መረቅ ጣል አታደርጊበትም?» ትለኛለች። ወጥ ያለ ሽንኩርት የለ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ኩላሊቷ የታመመ ድመት ቀድሞውንም ለደም ማነስ የተጋለጠች ናት። ጨውም ሽንኩርትም ያልነካው የዶሮ ቅቅል ውሃ፣ እሱንም ጠብታ ያህል፣ እሱ ነው የሰራልኝ።

እና እባካችሁ ያንን ምክር አርሙት። ጸሐፊው የድመታቸውን ዕድሜ አልነገሩንም፣ አሮጊት ከሆነች ግን ምግብ መምረጧ ራሱ የኩላሊት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ከማስራባቸው በፊት ደሟን ያስመርምሩላት።

የሚጡ እናት፣ ከአዲስ አበባ