ዓርብ ዓርብ፣ ጮክ ብሎ፦ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በየዓመቱ የሚያነበው ሐዲስ ዓለማየሁን፣ በዓሉ ግርማንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነበር። ዘንድሮ ግን በእኛው ዘመን የሚጽፉትን እናንብብ ተባባልን። ልጆቹ ስማቸውን ያውቃሉ። በፌስቡክ የተቀነጫጨበውንም በቃላቸው ይሉታል። መጽሐፉን ገልጦ የጨረሰ ግን ጥቂት ነበር።

በአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ጀመርን። ያለን ቅጂ አንድ ብቻ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በየተራ ጮክ ብለን አነበብነው። «አዳም ይከብዳል» የሚለውን ሁሉም ሰምቶ ነው የመጣው። እውነት ነው፣ አዳም አንባቢውን አያባብልም። ጆሮ ግን ዓይን የዘለለውን ይይዛል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ተደናቀፈች። እንደገና ጀመረች፣ አሁንም ትንፋሽ አጠራት። በሦስተኛው የት እንደምታርፍ አገኘችውና «ቲቸር፣ ለካ ዜማ አለው!» አለች። ከዚያ ወዲህ ለማንበብ ተራ መሻማት ሆነ። አዳም «ሕጽናዊነት» የሚለውን የአጻጻፍ መንገዱን ከእንጀራ ጋር እንደሚያያይዘው ስነግራቸውማ ክርክሩ ሌላ ሆነ። እንደ እንጀራ ዓይን ታሪክ ከታሪክ፣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ እንዴት እንደሚያያዝ ሰሌዳው ላይ ሲስሉ መሸ።

«ዴርቶጋዳ»ን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። እኔ ብዙም አልማረከኝም። ግን የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ ስንቱን ልጅ ከንባብ ጋር እንዳስታረቀ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ከግጥም የበዕውቀቱ ስዩምን «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» ያዝን። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ በሚኒ ሚዲያ አንድ አንድ ግጥም ይነበብ ነበር። የጎጃም ማንኩሳው ልጅ በዕውቀቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን በተካሄደው የዓለም ገጣሚያን ፌስቲቫል ላይ ኢትዮጵያን መወከሉን ሲሰሙ ብዙዎቹ ደብተር ገዝተው መግጠም ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ቤት ይመታል፣ ሐሳብ ግን የለም። በዕውቀቱ በጥቂት ስንኝ አስቆ ወዲያው እንዴት እንደሚያሳስብ ደጋግመን ካየን በኋላ ግን ትርፍ ቃላቸውን ራሳቸው መሰረዝ ጀመሩ። ዘንድሮ ከምንም በላይ ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

ለከርሞ የዓለማየሁ ገላጋይን «አጥቢያ» እና የሜሮን ጌትነትን ግጥሞች ይዘናል። ቤተ መጻሕፍታችን ከበዓሉ ግርማ ወዲህ የተጻፈ ልብ ወለድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የመጽሐፍ ዋጋም አይቀመስም። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ አንብባችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ እባካችሁ ለክበቡ ለግሱን። ሁለተኛ ቅጂ «ግራጫ ቃጭሎች» ቢገኝ ደግሞ ደስታችን ወሰን የለውም።