ኩፖን ከምትሰጡኝ ጊዜ ስጡኝ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ከተጠፋፋን ከረምን። መውለድሽን የሰማሁት ከሰው ነው፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሥራ ስትመለሺ ማጥባቱን እንዴት እንደምትቀጥይ መጨነቅሽንም ነገሩኝ።

ድሮ «ለሚያጠቡ እናቶች ለምን ገንዘብ አይከፈላቸውም?» ስልሽ ስቀሽብኝ ነበር አይደል? ነገሩ እኮ ተሞክሯል። እንግሊዝ ውስጥ የሚያጠቡ እናቶች ጥቂት በሆኑባቸው አካባቢዎች፣ ደቡብ ዮርክሻየርን ጨምሮ፣ እስከ 200 ፓውንድ የሚደርስ የመገበያያ ኩፖን ተሰጣቸው። በአንዴ አይደለም። ልጁ 2 ቀን፣ 10 ቀን፣ 6 ሳምንት፣ 3 ወርና 6 ወር ሲሆነው አርባ አርባ ፓውንድ። እናትየዋ ልጇ የጡት ወተት እያገኘ መሆኑን ቅጽ ላይ ትፈርማለች፣ የጤና ባለሙያዋም ታጸድቃለች። በቃ። ቆሞ የሚቆጣጠር የለም። እናትን ማመናቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ልጆቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆናቸው፣ ኩፖን በተሰጠበት አካባቢ የሚያጠቡት 37.9 በመቶ፣ ባልተሰጠበት 31.7 በመቶ ነበሩ። ቀላል አይደለም። ጡት ብቻ በማጥባቱ በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ወተቷ እምቢ ያላት እናትስ? ጎረቤቷ ኩፖን ስትቀበል እያየች ምን ይሰማታል? እዚህ ላይ ልቤ አይቆርጥም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ወሊድ ፈቃድ ነው። አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱን ግማሽ ሰዓት ብትዪው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ የሥራ ቀን ሊሞላ ምን ቀረው? የዓለም ጤና ድርጅት 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። በ2000 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ደግሞ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ይላል። ሦስት ወር ከምናምን ማለት ነው። የቀረውን ማን ይሙላው? እናትየዋ ከራሷ እንቅልፍ ቆርሳ ነዋ!

ያው ስምምነት አንድ ደህና ነገር አለው፦ የማጥቢያ እረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበታል። የአገርሽ ሕግ ምን እንደሚል እይና ከመመለስሽ በፊት አለቃሽን አናግሪው። የሚቆለፍ ክፍልና ፍሪጅ ጠይቂ። «መጸዳጃ ቤት ግቢና እለቢ» ካለሽ ምሳውን እዚያ ይበላ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

አለቃሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ልጁን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ