አንኮበርን የሚያይ እንግዳ አንድ ሌሊት እንዲያድር፦ የድጋፍ ጥሪ

የአንኮበር ልጆች፣ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም አገራችንን አይታችሁ የወደዳችሁ ወዳጆች ሁሉ፤

ወደ አንኮበር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ይነሣል። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ይወጣል፤ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደል ቁልቁል ይመለከታል፤ ፎቶግራፍ ይነሣና ሳይመሽ ይመለሳል። ካለን ነገር ሩቡን እንኳ ሳያይ ይሄዳል። በዚያው ዳገት ላይ ገብስና ባቄላ የሚያርሰው ገበሬም ከዚህ ጉብኝት የሚያገኘው የለም ማለት ይቻላል። እኛ፣ ይህን ሥራ የምናስተባብረው ኮሚቴ አባላት፣ የምንፈልገው እንግዳው አንድ ሌሊት እንዲያድር ነው። ለዚህ ትልቅ ሆቴል መሥራት አያስፈልገንም። የሚሄድበት መንገድ፣ የሚመራው ሰውና የሚያድርበት ንጹሕ ቤት ከተዘጋጀለት ያድራል።

አንኮበር የሸዋ ገዢዎች መቀመጫ የሆነችው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአምሃ ኢየሱስ ዘመን ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ስሟ አውሮፓ ድረስ ተሰማ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 መጣ፤ በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ሸዋ ገባና የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ ፈረንሳይም በ1843 የራሷን ውል አደረገች። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲያስገብሩ ልጅ የነበሩትን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባቶቻቸውን መንበር መልሰው ያዙ። መናገሻው በኋላ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አንኮበር የገበሬ ከተማ ሆና ቀረች። ዛሬ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የሚታየው በድንጋይና በኖራ የተገነባ ግንብ ቅሪት ነው።

ስለዚህ ግንብ አቋማችንን በግልጽ መናገር እንፈልጋለን። በሲሚንቶ እንጠግነው የሚል ሐሳብ በቅን ልብ ያቀረቡልን ሰዎች አሉ። አንስማማም። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ እርጥበቱን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ቅርስን መንካትም የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድና የባለሙያ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ እኛ ግንቡን አንነካም። የምንሠራው በአካባቢው ነው፦ የክረምቱ ጎርፍ ወደ መሠረቱ እንዳይገባ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ እንግዳው በቅሪቱ ላይ እንዳይረማመድ ደግሞ ከግንቡ ራቅ ብሎ የሚያልፍ የድንጋይ መንገድ። በኮረብታው ላይ በጥንቱ አሠራር አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ፤ ከእርሱ ጋር ለመፎካከርም አላሰብንም። እዚያ ያረፈ እንግዳ በማግስቱ የሚሄድበት ቦታ ሲኖረው ለሎጁም ለእኛም ይበጃል።

የሚሄድበት ቦታ ሞልቷል። ከከተማው ወረድ ብሎ ልጥ ማረፊያ ይገኛል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች የሰጡት ቦታ ነው። የመልእክቱ መሪ ኦራሲዮ አንቲኖሪ፣ ወፎችን ሲያጠና የኖረው ሽማግሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ። በአፍሪካ የአውሮፓውያንን ታሪክ የሚከታተል ሰው ይህን ቦታ ለማየት ረጅም መንገድ ይመጣል፤ እስከ ቦታው የሚያደርስ ምልክት ግን የለንም።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የሚያሞቀው ወደ ጥንታዊቷ የገበያ ከተማ ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ነው። በጥቂት ሰዓታት የእግር ጉዞ ከብርዳማው ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ ይደረሳል። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ የቤቱ አሠራር፣ የሰላምታው አሰጣጥ፣ የአምልኮው ሥርዓት ይለወጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት ግመሉን የሚያራግፈው እዚህ ነበር፤ ዳገቱን የሚወጣው ጭነት በበቅሎና በአህያ ይጫናል። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በአካባቢው ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጧል። አስጎብኚዎቻችን ይህንን ሳይሸሽጉ እንዲናገሩ እናሠለጥናቸዋለን፤ የነጋሢን ክብር ብቻ የሚተርክ አስጎብኚ ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። በዚያ የሚኖሩት የአርጎባ ወገኖቻችን በእርከን እርሻቸው፣ በሽመናቸውና በንግዳቸው የታወቁ ናቸው። ይህ መንገድ ያለ እነርሱ አይታሰብምና የአልዩ አምባ ሽማግሌዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኮሚቴው አባላት ናቸው። የበቅሎ ኪራይ፣ የምሳ መስተንግዶና የሽመና ሥራ ሽያጭ በቀጥታ የእነርሱ ገቢ ይሆናል።

ወደ ሰሜን ያለውን የወፍ ዋሻ ደን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው አሁንም ቆሟል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በመጣ ዘር ነው የሚል ትውፊት አለ። በገደሉ አፋፍ የጭላዳ መንጋ ይግጣል። እዚያው ገደል ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሳይንስ የታወቀች፣ በዓለም የወፎች መዝገብ ላይ የአንኮበርን ስም የያዘች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ አንዲት ትንሽ ግራጫማ ወፍ አለች። ለእርሷ ብቻ ሲሉ ከሩቅ አገር የሚመጡ የወፍ ተመልካቾች አሉ፤ የከተማችን ልጆች ግን አብዛኞቹ አያውቋትም። የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ስለ እርሷ እንዲሆን ወስነናል።

እርሻችንም ይታይ። ዳገት ላይ በበሬ ማረስ፣ በእርከን አፈርን መያዝ፣ በልግ ሲቀር የሚመጣውን ጭንቀት፣ በመኸር ጊዜ አውድማ ላይ የሚሰማውን የበሬ ነጂዎች ዜማ ያላየ ሰው አንኮበርን አየሁ ሊል አይችልም። ለዚህ ነው እንግዳው የገበሬ ቤት እንዲያድር የምንሻው። ፈቃደኛ ቤተሰቦች ከቤታቸው ጎን አንድ ክፍል ይሰጣሉ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ክፍሉን መለሰን፣ አልጋና ብርድ ልብስ ማሟላትና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው። በሶውን፣ ቆሎውን፣ ጠላውን እመቤቶቻችን ያውቁበታል። የአዳሩ ክፍያ ለቤተሰቡ ይሆናል፤ ከእርሱ ላይ ጥቂቱ ለመንገዱ ጥገና ይቀመጣል።

በክልላችን በደረሰው ግጭት ጎብኚ በተመናመነበት ጊዜ ይህ ሥራ ለምን አሁን ይጀመራል የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰው ሕይወት ከማንኛውም ጉብኝት ይቀድማል፤ መንገዱ አስተማማኝ ሳይሆን እንግዳ ኑ ብለን አንጠራም። ነገር ግን ድንጋይ የሚጠርበው፣ ቦይ የሚቆፍረው ወጣት የሚበላው የሚያስፈልገው ዛሬ ነው። ሥራው ራሱ የቀን ገቢ ይሰጠዋል። ሰላም ሲሰፍን ደግሞ ሥራውን ከዜሮ አንጀምርም።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይሄዳል፤ የአንዱ ሒሳብ ሳይዘጋና ለሕዝብ ሳይነገር ሌላው አይጀመርም። የመጀመሪያው የኮረብታው መንገድና የውኃ መውረጃው ነው። ቀጥሎ የልጥ ማረፊያና የአልዩ አምባ መንገዶች ምልክትና የአስጎብኚዎች ሥልጠና ይመጣል። የእንግዳ ክፍሎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ድንጋዩን ከአካባቢው እናወጣለን፤ የጉልበቱን ሥራ በከፊል በደቦ እንሸፍናለን። በገንዘብ የሚገዛው የጠራቢና የግንበኛ ደመወዝ፣ መሣሪያ፣ ኖራ፣ የምልክት ሰሌዳ፣ የሥልጠና ወጪና የአልጋ ዕቃ ነው። ገንዘቡ በኮሚቴው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ያለ ሦስት ሰዎች ፊርማ አይወጣም፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ናት። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከጁምዓ ስግደት በኋላም በመስጊድ ደጅ ይነበባል።

ገንዘብ የሌላችሁ በሌላ እርዱን። መሐንዲስ የሆናችሁ የቦዩን ንድፍ ተመልከቱልን። የእንግሊዝኛና የጣልያንኛ ቋንቋ የምታውቁ ለአስጎብኚዎቹ ለጥቂት ሳምንታት አስተምሩልን። በቤታችሁ የአያቶቻችሁ አሮጌ የአንኮበር ፎቶግራፍ ካለ ቅጂውን ስጡን፤ ዋናው ከእናንተ ዘንድ ይቆይ። የዕድርና የአገር ልጆች ማኅበር ሰብሳቢዎች ደግሞ በቀጣዩ ስብሰባችሁ ጉዳዩን በአጀንዳ ያዙልን፤ ተወካያችን መጥቶ ያስረዳል።

የምትሰጡት መቶ ብርም ይሁን መቶ ሺህ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የባንክ ሒሳቡን ቁጥር በየከተማው ካሉት የኮሚቴው ተወካዮች ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ በስልክ መልእክት ብቻ የደረሳችሁን ቁጥር ሳታጣሩ ገንዘብ አታስገቡ። ድንጋይ ማውጣቱ የመኸሩ ሥራ ሲያልቅ ከገና በኋላ ይጀመራል፤ የበልግ ዝናብ ሳይጥል የኮረብታውን ቦይ መጨረስ ስላለብን የመጀመሪያውን ደረጃ ድጋፍ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብታደርሱልን ሥራው አይስተጓጎልም።