የንባብ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ከማርስ የመጣ ሰላምታ

ዘንድሮ ክበባችን ያነበበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የዘመኑ ሳይንሳዊ አጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ የቀድሞ ተማሪያችን ለመስቀል ደብረ ብርሃን ሲመጣ ይዞልን መጣ። መጽሐፉ አንድ፣ የክበቡ አባላት 23። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላይብረሪ ተሰብስበን አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያነበበውን በአማርኛ ያወጋናል።

መጀመሪያ ላይ ከበደን። እስከ ኅዳር ድረስ በአንድ ሐሙስ ከሦስት ገጽ አልዘለልንም። ብርዱም አለ። ያም ሆኖ ጋቢ ደርበው የሚመጡት ልጆች ቁጥር አልቀነሰም። ቃላቱን አማርኛ ላይ ስናፈላልግ የተገኘው ነገር ራሱ ደስ ይል ነበር። አንድ ቀን መንኮራኩር የሚለው ቃል ተነሣ። የአብነት ትምህርት የቀመሰ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቃሉ ሕዝቅኤል ካያቸው መንኮራኩሮች ጀምሮ የነበረ፣ ትርጉሙም የሚሽከረከር ነገር እንደሆነ ነገረን። እኔ በበኩሌ ቃሉን ስንት ዓመት ስናገረው ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሁሉም ታሪክ ጥሩ ነው አልልም። ሁለቱ ፍንዳታ የበዛባቸው፣ ሰው የጠፋባቸው ነበሩ። ቶሎ አለፍናቸው።

ከሁሉም ልጆቹን የያዛቸው እናት ምድር ላይ፣ ልጅ ማርስ ላይ ሆነው የሚነጋገሩበት ታሪክ ነው። የሬዲዮ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ሄዶም ማርስ ለመድረስ፣ ፕላኔቷ ስትቀርብ 3 ደቂቃ ያህል፣ ስትርቅ ደግሞ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይህን በቃል ከማስረዳት እንሞክረው አልን። 12 ደቂቃን መረጥን። «እናት» ላይብረሪ ውስጥ ተቀመጠች። «ልጅ» ሜዳው ጫፍ ባሕር ዛፉ ሥር። አንድ ልጅ በሞባይሉ ሰዓት እየያዘ ወረቀት ያመላልሳል።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?» ሄደ። 12 ደቂቃ። «ደህና፣ አንቺስ እማዬ?» መጣ። 12 ደቂቃ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እህልሽን ትበያለሽ?» እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ሲሞላ የተመላለሱት አምስት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። እኛ አገር ሰላምታ ገና አላለቀም ማለት ነው። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ የጠየቀ የለም። እናት የሆነችው ልጅ አራተኛውን ወረቀት ስትጠብቅ በሩን አሥር ጊዜ ሳታይ አልቀረችም። «ቲቸር፣ እውነት ናፈቀችኝ» አለች። ላይብረሪው ጸጥ አለ።

ከዚያ አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። አያቱ ወታደር እያሉ ለሴት አያቱ የጻፉት ደብዳቤ ቤታቸው ሣጥን ውስጥ አለ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። ቀጥሎ ጥያቄው፣ ምላሹ፣ የአገሩ ወሬ፣ የሰው ሁሉ ስም እየተጠራ ሰላምታው፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት። መልስ ሳይጠብቅ ሁሉንም የሚል ደብዳቤ። «ለማርስ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው» አለን። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉም ለማርስ ደብዳቤ ጽፎ መጣ። «ይድረስ ለውድ እህቴ» ብለው ጀመሩ። ከእነዚያ ውስጥ ስድስቱ በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ተነበቡ። ግቢው እግር ኳስ እያለ ቆሞ ሲያዳምጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ሮቦቶች የሚተርከው ታሪክ ደግሞ ሌላ መንገድ አስያዘን። ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ነው። መነሻው ለጌታ የሚሠራ የግዴታ ሥራ የሚል የቼክ ቃል ነው። ይህን ስነግራቸው አንዲት ልጅ ወዲያው «ሁዳድ ነዋ!» አለች። ቤት ሄዳ አያቷን ጠይቃ፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ለባለ መሬት ሁዳድ ማረስ ምን እንደሚመስል ሁለት ገጽ ጽፋ መጣች። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሮቦቶች ለምን እንዳመፁ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከሚያዝያ ጀምሮ የራሳችንን መጻፍ ጀመርን። እስካሁን አምስት ተጠናቀዋል። ያላለቀ ግን ከሁሉም የምወደው አንድ አለ። የከተማችን ስም አፄ ዘርአ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ካዩት ብርሃን እንደመጣ ሁላችንም እንሰማለን። ያን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ጅራታም ኮከብ፣ ከሃሌይ ኮሜት ጋር የሚያያይዙት አሉ። ኮሜቱ እ.ኤ.አ. በ2061 ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር 2053 ዓ.ም. ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ታሪኳን እዚያ ላይ አስቀመጠችው። ገጸ ባሕሪዋ ያኔ ሃምሳ ያለፋት አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿን ይዛ ኮሜቱን ልታሳያቸው ሜዳ ትወጣለች።

ስታነብልን አንዱ አቋረጣት። «ለፀሐይ የሚቀርበው መቼ ነው?»

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ! በሐምሌ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ሰማይ አለ?»

ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ሳምንት ስትመለስ ዝናቡን አስገብታዋለች። አስተማሪዋና ተማሪዎቿ ጃንጥላ ይዘው፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ ቀና ብለው ደመናውን ያያሉ። ይገለጥ አይገለጥ ገና አልወሰነችም። ለመስከረም ጨርሼ አመጣለሁ ብላለች።