ሥራ ለምትፈልገው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፣ በሚመጣ ሰው እንልካለን።

ትናንት በስልክ የነገርሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የሒሳብ ሥራውን የጽሑፍ ፈተና አልፈሽ ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። የሕንፃ ሕጉ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰውም መግቢያ ይኑር ይላል። አንቺ ግን በክራንች ወጣሽ። ስትደርሺ ስለ ሒሳብ አልጠየቁሽም። «እንዴት ተመላልሰሽ ትሠሪያለሽ?» አሉሽ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሒሳብ በእግር አይዘጋም!

ድጋፍ ስትጠይቂ ወረዳው የሰጠሽ መልስ ደግሞ ባሰ። በሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ችግረኞችን በሚረዳበት ፕሮግራም፣ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኘው መሥራት የማይችል ችግረኛ ነው፤ አንቺ ዲግሪ ስላለሽ «ትችያለሽ» ተባልሽ። ለሚችሉት ያለው ሥራ ጽዳትና ችግኝ ተከላ ነው፣ እሱን በክራንች እንዴት ትሠሪዋለሽ? ጡረታም ቢሆን ሲሠራ ለቆየ ሰው ነው። ቀጣሪው አትችይም ይላል፣ ወረዳው ትችያለሽ ይላል። አንቺ መሃል ላይ ቀረሽ። ድጋፍ ለማግኘት «አልችልም» ብለሽ ፈርሚ ማለት፣ ለእኔ ግፍ ነው።

አሁን አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አንብቢው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ ነው። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር፣ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡት መካከል ቅድሚያው ለአካል ጉዳተኛ ነው። አንቺ ደግሞ ነጥብሽ ከተቀጠረው ልጅ ብዙም አይርቅም ብለሽኛል። አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአንቺ እንዲመች የማድረግ ግዴታም አለበት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስለ ማስረጃ የሚለው ነው። በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ ብለሽ ስትከሺ፣ የማስረዳቱ ሸክም አንቺ ላይ አይደለም። አድልዎ እንዳልፈጸመ ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። ይህን ስንት ሰው ያውቃል? እኔም ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ አንሺው። ለምን እንዳልተመረጥሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የደብዳቤሽንም ኮፒ ያዢ። ፍርድ ቤት ከከበደሽ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል።

«ሸክም ሆንኩባችሁ» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ወንድምሽ ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ጊዜ እዚሁ በላ፣ እዚሁ ጠጣ። ማንም ሸክም አላለውም። አንቺን በምን እንለይሻለን?

የቤት ኪራዩን ሐሙስ አስገባለሁ፣ እንዳትመልሺው። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ውጤቱንና ማስታወቂያውን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን።

አባትሽ