ይድረስ ለአባባ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔም ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ልጆቹ በላኩልዎት ቪዲዮ ላይ ያዩት ባለጥቁር መነጽር አሰልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ ነው። ከእኛ ከኦሮራ ብዙም በማይርቀው ቦልደር፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል (በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ኳስ) ቡድን ያሠለጥናል። በተጫዋችነቱ ጉድ ነበር። ሥራው የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ እግር በእግር ተከትሎ ኳሷን መንጠቅ ነበር። ቤዝቦልም ይጫወት ነበር። በፈረንጆች 1989 በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለቱም ስፖርት አስቆጥሯል። የፉትቦሉን ትልቅ ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ደግሞ በተከታታይ ዓመታት ከሁለት የተለያዩ ቡድኖች ጋር በልቷል።

በ2020 ሚሲሲፒ ውስጥ የጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆነ። በዓመቱ ደም እየረጋ አስቸገረውና ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ። ሥራውን ግን አልተወም። ኮሎራዶ ሲቀጥረው ቡድኑ ከ12 ጨዋታ አንዱን ብቻ ያሸነፈ ነበር። በ2024 ዘጠኝ አሸነፈ። ይህ ቀላል አይደለም።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የማከብርለት በ2025 ክረምት ያደረገውን ነው። ለደም ሥሩ ክትትል ሲመረመር የሽንት ፊኛ ካንሰር ተገኘበት። ፊኛውን አውጥተው ከአንጀቱ ሌላ ሠሩለት። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። ሽንቱን መቆጣጠር እንደሚቸግረው፣ ዳይፐር እንደሚያደርግ፣ ምንም አልሸሸገም። ሰዎችንም ተመርመሩ ብሎ ለመነ። ካንሰሩ በጊዜ በመገኘቱ ድኗል።

አባባ፣ እማዬ ነግራኛለች። ሌሊት ደጋግመው እንደሚነሡ፣ ሽንት ሲሸኑ እንደሚያምዎት አውቃለሁ። «የእርጅና ነው» ብለው ዝም አሰኟት አሉ። እርጅና ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሳይታይ ግን አይታወቅም። የትምህርት ቤቱን ቡድን ሲያሠለጥኑ፣ ጉዳቱን ደብቆ የሚጫወት ልጅ ሲያገኙ ከሜዳ ጎትተው ያስወጡ አልነበር? እኔንም አስወጥተውኛል። አልቅሼ ስለምንዎት እንኳ አልሰሙኝም።

ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ለእህቴ ልኬያለሁ። ማክሰኞ ጠዋት መጥታ ትወስድዎታለች። እባክዎ እንዳይመልሷት። ለሐኪሙ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሡ፣ ደም አይተው ከሆነም፣ ሳይቀንሱ ይንገሩት። ሴቶቹ ውጭ ይቆዩ ካሉ ይቆያሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ። ማታ እደውላለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ